ሞተር ልታስቀይሩ ነው? ማርሚታውን ለመጨረሻ ቀን አትተዉት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና አድሶ መንዳት የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። ሞተር ማስቀየር ደግሞ ከእድሳቱ ሁሉ ትልቁ ነው።

ታዲያ ሰው ሞተር ሲመርጥ ይጨነቃል። ካምቢዮው ይገጥማል ወይ፣ ሽቦው ይሠራል ወይ እያለ ይጠይቃል። ማርሚታው ግን የሚታወሰው በመጨረሻው ቀን ነው። «የድሮውን ቆርጠን እንቀጥለዋለን» ይባላል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ «ነዳጅ ትበላለች»፣ «ዳገት ላይ ትደክማለች»፣ «ስነዳ ራሴን ያመኛል» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ሦስቱም ከጭስ መስመሩ ሊመጡ ይችላሉ። ሦስተኛው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት። ጋራዥ ስትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል።

1. የጭስ መስመር ማለት ማርሚታ ብቻ አይደለም

ብዙዎቻችን «ማርሚታ» ስንል ከሞተር እስከ ኋላ ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው። በትክክል ሲከፋፈል ግን እንዲህ ነው፦

- ማኒፎልድ፦ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው፣ የየሲሊንደሩን ጭስ ሰብስቦ ወደ አንድ የሚያመጣው።
- የፊት ቱቦ፦ ከማኒፎልዱ ወደ ታች የሚወርደው።
- ተጣጣፊ ቱቦ (ፍሌክስ)፦ ሞተሩ ሲወዛወዝ ንቅናቄውን የሚውጠው።
- የኦክስጅን ሴንሰር፦ ጭሱን አንብቦ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው።
- ካታሊስት፦ መርዛማውን ጋዝ የሚቀንሰው።
- ማርሚታ፦ ድምፅ የሚያፍነው።
- የጭራ ቱቦ፦ ጭሱን ከመኪናው ውጪ የሚያወጣው።

አንዱ ከተበላሸ የሌላውም ሥራ ይበላሻል።

2. የድሮው ለምን አይሆንም?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ ሁላችንም የምናውቃት ኮሮላ ዲኤክስ። ብዙዎቹ ይዘውት የመጡት 4ኬ የሚባለውን 1,290 ሲሲ ሞተር ነው። እሱ ወጥቶ 1,587 ሲሲ የሆነው 4ኤ ይግባ እንበል። ሁለቱም ቶዮታ ናቸው፣ ግን የጭስ መስመራቸው አይገናኝም። ምክንያቱም፦

አንደኛ፣ በ4ኬ ላይ አየር የሚገባበትም ጭስ የሚወጣበትም በአንድ ወገን ነው። በ4ኤ ላይ አየሩ በአንድ ወገን ይገባል፣ ጭሱ በሌላው ወገን ይወጣል። ስለዚህ የፊት ቱቦው የሚወርድበት ቦታ ይቀየራል። መሪው ወይም ሞተሪኖው አጠገብ ሊያርፍ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ የመጣው የፊት ጎማ ከሚነዳ መኪና ከሆነ እዚያ የተቀመጠው በጎን ነበር። ዲኤክስ ላይ ግን ወደ ኋላ በቁመቱ ነው የሚተኛው። ለጎን አቀማመጥ የተሠራው ማኒፎልድ እዚህ አፉን ወደማይሆን ቦታ ያዞራል።

ሦስተኛ፣ የድሮው ሞተር በካርቡሬተር የሚሠራ ስለሆነ ቱቦው ላይ የሴንሰር ቦታ የለውም። አዲሱ ኢንጀክሽን ያለው 4ኤ-ኤፍኢ ከሆነ ሴንሰሩ ግዴታ ነው።

መኪናችሁ ሌላ ብትሆንም ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ጭሱ በየት ወገን ይወጣል? አፉ ወዴት ያያል? ሴንሰሩ የት ይገባል?

3. ስንት ኢንች ይሁን?

ጋራዥ ውስጥ በጣም የሚያከራክረው ይህ ነው። አንዱ «በሰፋ ቁጥር ጥሩ» ይላል። ሌላው «ሞተር ግፊት ካላገኘ ጉልበት ያጣል» ይላል። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደሉም።

ሞተር ወደ ኋላ የሚገፋው ግፊት አያስፈልገውም። የሚፈልገው ጭሱ በፍጥነት እንዲወጣ ነው። በፍጥነት የሚሮጥ ጭስ ከኋላው ያለውን እየሳበ ይወጣል፣ ሲሊንደሩም በደንብ ይጸዳል። ቱቦው ከጠበበ ጭሱ ይታፈናል። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ጭሱ ይዘገያል፣ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለው ጉልበት ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ የምንነዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዝቅተኛ ዙር ነው።

ሒሳቡ ይህን ያሳያል። ቱቦን ከ2 ኢንች ወደ 2.5 ኢንች ስትቀይሩ ትንሽ የጨመራችሁ ይመስላችኋል። የውስጡ ስፋት ግን ከግማሽ በላይ ነው የሚጨምረው፣ 56 በመቶ ገደማ። በዲኤክሷ ምሳሌ የሞተሩ መጠን የጨመረው 23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ለተራ የመንገድ መኪና፣ ቱርቦ ለሌለው የቤንዚን ሞተር፣ መነሻ የሚሆን ግምት ይኸውና፦

- 1.3 ሊትር፦ ከ1.5 እስከ 1.75 ኢንች
- 1.6 ሊትር፦ ከ1.75 እስከ 2 ኢንች
- 2.0 ሊትር፦ ከ2 እስከ 2.25 ኢንች
- ከ2.5 እስከ 3.0 ሊትር፦ 2.5 ኢንች አካባቢ

ቱርቦ ያለው ሞተር ከዚህ የሰፋ ይፈልጋል። ሌላ ቀላል መንገድ አለ፦ አዲሱ ሞተር በመጣበት መኪና ላይ የነበረውን የፋብሪካ ቱቦ ለኩና ከእሱ ብዙ አትራቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበት የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሰፊ ማርሚታ ይህን አይመልስም። ድምፅም ጉልበት አይደለም። ማርሚታ አስወጥታችሁ መኪናዋ ብትጮህ የሚሰማው ጎረቤት ነው እንጂ ጎማው አይደለም።

4. ከምን ይሠራ?

ተራ ብረት ርካሽ ነው፣ ግን ይዝጋል። ምክንያቱም አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ማርሚታዋ በደንብ ስለማይሞቅ ውሃው ውስጡ ይቀራል፣ ከውስጥ ይበላዋል። አልሙኒየም የተለበጠ ብረት የተሻለ ይቆያል። አይዝጌ ብረት (ስቴንለስ) ከሁሉም ይቆያል፣ ዋጋውም ብየዳውም ግን ይከብዳል። የቱቦው ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ለመንገድ መኪና ይበቃል።

የማይሆነው ምንድን ነው? ዚንክ የተለበጠው የውሃ ቱቦ። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ግን ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ያሳምመዋል። ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ዚንክ 420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ማኒፎልዱ አጠገብ ያለው ጭስ ደግሞ ከዚያ በጣም ይሞቃል። ስለዚህ ልባጩም አይቆይም። የበያጁን ጤና ለጥቂት ብር አትሽጡት።

መታጠፊያውም ወሳኝ ነው። ቱቦው ሲታጠፍ ከተጨማደደ ወይም ከጠፈጠፈ 2 ኢንች ብላችሁ የከፈላችሁበት እዚያ ቦታ ላይ 1.5 ይሆናል። የማጠፊያ ማሽን ከሌለ የተዘጋጁ መታጠፊያዎችን ገዝቶ መበየድ ይሻላል። በአሸዋ ሞልቶ በእሳት ማጠፍ የሚችል ባለሙያም አለ። አሸዋው ግን ሙሉ በሙሉ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ሊፈነዳ ይችላል።

5. ቅደም ተከተሉ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ትክክለኛው ይህ ነው፦

አንድ፦ ሞተሩና ካምቢዮው በራሳቸው ጎማ ላይ ሙሉ በሙሉ ይታሰሩ። ሞተሩ በክሪክ ተደግፎ እያለ የተለካ ቱቦ፣ ክሪኩ ሲወጣ ቦታው አይሆንም።

ሁለት፦ መሪ፣ ሞተሪኖ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ሁሉም ቦታቸው ይግቡ። ማርሚታው በተረፈው ቦታ ነው የሚያልፈው።

ሦስት፦ ከመበየድ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ኢንጀክሽን መኪና ላይ ኮምፒውተሩን ማቃጠል ይቻላል። የብየዳው ማሰሪያ ለሚበየደው ቦታ ቅርብ ይሁን። ሰልባትዮ አጠገብ ብየዳ አይሠራ። የእሳት ማጥፊያም በእጅ ይኑር።

አራት፦ መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያዝ። ከዚያ ሙሉው መስመር ከፊት እስከ ኋላ ይታይ። ከተስማማ ይውረድና ከመኪናው ውጪ ሙሉ በሙሉ ይበየድ። መኪናው ላይ እንዳለ ሲበየድ የላይኛው ጎን ስለማይታይ ይዘለላል፣ በኋላም የሚያፈሰው እሱ ነው።

አምስት፦ ቢያንስ በሁለት ቦታ በፍላንጅ፣ ጋስኬትና ቡሎን ይገናኝ። ሁሉም ከተበየደ ካምቢዮ ለማውረድ በፈለጋችሁ ቁጥር ግራይንደር ነው።

ስድስት፦ ማንጠልጠያው የጎማ ይሁን። ቱቦውን ከሻንሲ ጋር በብረት ማሰር ማለት የሞተሩን ንዝረት ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፣ ብየዳውም ይሰነጠቃል።

ሰባት፦ ክፍተት ይኑር። ከመኪናው አካል ቢያንስ 25 ሚሊሜትር። ከነዳጅ መስመር፣ ከፍሬን ቱቦና ከሰልባትዮ ደግሞ ከዚያ የበለጠ፣ በመሐልም የሙቀት መከለያ ላሜራ። የኋላ ጎማው ተንጠልጥሎም ሰው ተጭኖም ይታይ። ባዶ ስትሆን የማይነካ ቱቦ አምስት ሰው ሲሳፈር ዲፈረንሻሉን ሊመታ ይችላል።

6. ሴንሰርና ካታሊስት

የኦክስጅን ሴንሰሩ ማኒፎልዱ አካባቢ፣ የሁሉም ሲሊንደር ጭስ ከተቀላቀለ በኋላ ይግባ። ከቱቦው በላይኛው ግማሽ ላይ፣ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ከታች ከገባ የሚጠራቀመው ውሃ ይገድለዋል።

ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ ከውጪ አየር ይገባል። ሴንሰሩ «ኦክስጅን በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል» ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። «ሞተር ካስቀየርኩ ወዲህ ነዳጅ ትበላለች» ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ጋስኬቱን አስፈትሹ።

ካታሊስት ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለው ገዢ አለው። «ምንም አይሠራም፣ እናውጣው» ካሏችሁ ቆም በሉ። የተዘጋ ካታሊስት መውጣቱ ትክክል ነው፣ ደህናው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚቀንሰው ክፍል ነው። ከወጣም ንብረትነቱ የእናንተ ነው።

7. የማይታየው አደጋ

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚይዘው በላይ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያዛል። ከወለሉ ስር ያፈሰሰ ጭስ በካምቢዮ ማርሽ ቀዳዳ፣ በድሮ የሽቦ ቀዳዳ፣ በተበላ ወለል ወደ ውስጥ ይገባል። ሞተር ሲቀየር ደግሞ አዲስ ቀዳዳ መከፈቱ አይቀርም።

ስለዚህ የጭራ ቱቦው ከኋላ መከላከያው አልፎ ይውጣ። ከወለሉ ስር አይቁም። ያልተጠቀማችሁበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን። እየነዳችሁ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ በተለይ ሁሉም ተሳፋሪ አንድ ላይ ከተሰማው፣ መስኮት ክፈቱ፣ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ውጡ። ከዚያ ወደ ሕክምና ሂዱ። መኪናዋ ሳትጠገን አትነዱ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አስነስታችሁ አትቁሙ።

8. ከጋራዥ ከመውጣታችሁ በፊት

- ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱ። በወፍራም ጨርቅ የጭራውን አፍ ለጥቂት ሰከንድ ያዙት። የሚያፈስ ካለ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ።
- መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ያፈሳል።
- መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፣ ፍሬን ይዛችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጡ። የሚንኳኳ ነገር ካለ ይነካል ማለት ነው።
- ከሳምንት በኋላ ተመለሱና ቡሎኖቹን አስጠብቁ። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይላላሉ። ጥቁር ጥላሸት ያለበት መገጣጠሚያ ካያችሁ እዚያ ነው የሚያፈሰው።

9. ወረቀቱስ?

ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ሰፍሯል። ሞተሩ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ስለዚህ ሞተሩን ስትገዙ ደረሰኙንና የጉምሩክ ወረቀቱን ተቀበሉ። ከመግጠማችሁ በፊትም የተመዘገባችሁበትን የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ። ቁጥሩ ካልተስተካከለ ቦሎ ላይም ሽያጭ ላይም ጣጣ ነው።

ባጭሩ፦ ለሞተሩ በጀት ስታወጡ የጭስ መስመሩን ከመጀመሪያው አስገቡት። ሞተሩ ከሻንሲው ጋር ሳይታሰር ቱቦ አታስለኩ። ስፋቱን በሒሳብ ወስኑ፣ በድምፅ አይደለም። ሞተር ሊያስቀይር ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሼር አድርጉለት።