ከውቤ ሰፈር እስከ ፍራንክፈርት፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ስናስታውስ

የምኖረው በፍራንክፈርት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቦናመስ በምትባል ሠፈር ነው። እስከ 1992 ድረስ የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተሮች ያርፉበት የነበረው ሜዳ ዛሬ መናፈሻ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ እዚያ ኳስ ይጫወታል። በቅርቡ "አባዬ፣ እኛ በእግር ኳስ ምን ሠርተናል?" አለኝ። ጓደኞቹ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት ሩጫችንን ብቻ ነው። የመልሱ አንዱ ክፍል እዚሁ ከተማ ውስጥ እንዳለ ስነግረው አላመነኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰኔ 11 ቀን 1974 የፊፋ ጉባኤ በፍራንክፈርት ተሰበሰበ። ከ1961 ጀምሮ ፕሬዚዳንት የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ በብራዚላዊው ዦአዎ አቬላንዥ ተሸነፉ። ራውስ በ1963 ደቡብ አፍሪካ ላይ የተጣለውን እገዳ ያስነሱ ሰው ስለነበሩ አፍሪካ ፊቷን አዙራባቸዋለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በጊዜው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ፊፋ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ጨርሶ አባረረ።

ለመሆኑ ይህ አቋም ከየት መጣ? እንደ መሐንዲስነቴ ሕንጻ ሳይ መጀመሪያ መሠረቱን እጠይቃለሁ። አቶ ይድነቃቸው በ1921 ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስለ መኪና እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው፣ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ። ልጃቸው በ1935 አራዳ ላይ ከተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ጋር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ተሰለፉ፤ ለሃያ ሦስት ዓመትም ተጫወቱለት።

ወዲያው ግን ጣልያን ገባ። ፋሺስት የቆዳ ቀለም መለያየትን ሕግ ሲያደርገው ኳስም አልቀረለትም፤ ነጩ ከነጭ፣ "የአገሬው ተወላጅ" ከተወላጅ ጋር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። የክለቡም ስም ተፍቆ "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" ተባለ። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሜዳው ተለይቶ የተጫወተ ወጣት አፓርታይድን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

በ1957 ካርቱም ላይ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ "ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ ቅልቅል ቡድን አልልክም" ስትል ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ዋንጫው ቀረብን፤ መርሁ ግን ጸና።

ዋንጫውም ቢሆን ብዙ አልቆየም። በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ በአቶ ይድነቃቸው አሠልጣኝነት ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታን። አምበሉ ማን ነበር? ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አስመራ የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ። እሱና ወንድሙ ኢታሎ፣ ከተክሌና ከመንግሥቱ ወርቁ ጋር፣ አንዳንድ ግብ አገቡ። ፋሺስት በቀለም የለየው ተጫዋች፣ አሠልጣኝ ሲሆን የጣልያን ልጅ በአምበልነት የሚመራው ቡድን ይዞ ለድል በቃ። ከዚህ የበለጠ መልስ አለ?

ይህን የማነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። እኛ በስደት ያለነው ዓመት ጠብቀን የምንገናኘው በኳስ ሜዳ ነው። ግን ያንንም መክፈል ችለንበታል። በሰሜን አሜሪካ በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውስጥ ጠብ ገብቶ በ2012 አንዱ ወገን ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን ለየብቻ በዓል አከበሩ። እዚህ አውሮፓም ቢሆን "ያ ቡድን የእነማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ከውጤቱ በፊት ሲጠየቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያኔ የለየን ባዕድ ነበር። ዛሬስ ማንን እንክሰስ?

አቶ ይድነቃቸው ከ1972 ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ መርተው፣ ኃላፊነታቸው ላይ ሳሉ በ1987 አረፉ። ልጄ ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ። መልስ አጣሁ። እናንተስ ለልጆቻችሁ ነግራችኋል?

ቸር ይግጠመን።