የኮምፒውተር ማራገቢያ ጩኸት ሲበዛ ምን ማድረግ ይገባል?

ከድሬዳዋ ከተማ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሐርላ፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ፍርስራሽ በተገኘባት ጥንታዊ ከተማነቷ ትታወቃለች። ሙቀትና አቧራ የማይለየው ይህ አካባቢ ግን ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር አይመችም። የአባላት መዝገብም ሆነ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ስርጭት ዝርዝር በኮምፒውተር በሚያዝበት ቦታ፣ የማራገቢያ ጩኸት ችላ ሊባል አይገባም።

መንስኤው

ማራገቢያው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ያስወግዳል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱም ይጨምራል። በመሆኑም ከጠዋቱ ይልቅ በቀትር ድምፁ ከፍ ቢል የሚያሳስብ አይደለም። ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ ግን የአየር መተላለፊያው በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ይህም የአየር ማጣሪያው ከተደፈነ የውኃ መሳቢያ ሞተር ጋር ይመሳሰላል።

የድምፁ ዓይነትም ችግሩን ይጠቁማል። ወጥ የነፋስ ድምፅ ሙቀትን፣ ተደጋጋሚ ማንኳኳት ምላጩን የነካ ሽቦን፣ የመፋጨት ድምፅ ደግሞ ያለቀ ኩሽኔታን ያመለክታል። ኩሽኔታው ያለቀበት ማራገቢያ በአዲስ መተካት አለበት።

መፍትሔው

1. ሥራውን በፍላሽ ማስቀመጥ፣ ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ገመዱን ከሶኬት መንቀል።
2. ሳጥኑን ከቤት ውጭ አውጥቶ የጎን ክዳኑን መክፈት።
3. አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ። በብሎወር ሲነፋ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ያስፈልጋል። እርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም።
4. ፓወር ሰፕላዩን አለመፍታት፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ከጽዳቱ በኋላ ጩኸቱ ካልቀነሰ፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ፕሮሰሰሩን ያጨናነቀው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ማየት ይቻላል። ያልታወቀ ፕሮግራም ከተገኘ በጸረ ቫይረስ መፈተሽ ተገቢ ነው። በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ቅባት ስለሚደርቅ፣ በባለሙያ ማስቀየር ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

ሳጥኑን ከወለል ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳም ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቆ ማስቀመጥ፤ በሚሠራበት ጊዜም በጨርቅ አለመሸፈን ይመከራል። አቧራ በሚበዛበት ቦታ በየሦስት ወሩ ማጽዳት ይበጃል።

ማራገቢያው ጨርሶ ከቆመ ግን ኮምፒውተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ይገባል። ከመጠን በላይ የጋለ ፕሮሰሰር በመጀመሪያ ሥራውን ያዘገያል፤ ቀጥሎም ድንገት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ መዝገብም አብሮ ይጠፋል።