የሥዕል ዋጋ መቼ ይቈረጣል?

በትእዛዝ ሥራ የሚተዳደር ሠዓሊ ሁሉ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ንግግር አለ፤ ይኸውም «አንተ ብቻ ሥራው፤ በዋጋው አንጣላም» የሚለው ነው። ንግግሩ የወዳጅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀለሙና ሸራው ተገዝቶ፣ ወራት አልፈውበት፣ ላዘዘው ሰው ካልሆነ በቀር ለሌላ በማይስማማ መልክ የተሠራ ሥዕል በሚቀርብበት ጊዜ፣ ሠዓሊው የመከራከሪያ ኀይሉን አስቀድሞ ለአሠሪው አስረክቦ ይገኛል። በሙያችን ስለ ዋጋ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ «ስንት?» በሚለው ላይ ያተኵራል። የታሪክ ሰነዶችን ስንመለከት ግን ከዚያ ይልቅ የሚከብደው «መቼና በማን?» የሚለው ሆኖ እናገኘዋለን። ለዚህም በኢጣሊያና በስፔን ከ15ኛው እስከ 17ኛው ምእት ዓመት የተጻፉ ውሎችና የሒሳብ መዝገቦች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። (ዘመናቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በ1485 ዓ.ም. በፍሎሬንስ ከተማ የሚገኘው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ለቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ የሚሆን፣ የሰብአ ሰገልን ስግደት የሚያሳይ ሥዕል እንዲሠራለት ከሠዓሊው ከዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ ጋር ተዋዋለ። ዋጋው 115 ፍሎሪን፣ አከፋፈሉ በየወሩ 3 ፍሎሪን፣ የማስረከቢያውም ጊዜ 30 ወር ሆኖ ተወሰነ። ቀለሙንና ወርቁን ሠዓሊው በራሱ ወጪ ይችላል፤ ሰማያዊውም ቀለም አንዱ አውንስ 4 ፍሎሪን ከሚያወጣው ዐይነት እንዲሆን ተጽፏል። ላይ ላዩን ሲታይ ከዚህ የተሟላ ውል አይገኝም። ነገር ግን ውሉን በእጁ የጻፈው ፍራ በርናርዶ የተባለው የሃይማኖት ሰው አንድ ዐንቀጽ ጨምሮበታል፤ ሥዕሉ ሲያልቅ የተባለውን ዋጋ የሚያወጣ መስሎ ካልታየው፣ የፈለገውን ሰው አማክሮ ተገቢ ነው የሚለውን ያህል ይቀንሳል። ዋጋው ወደ ታች የሚወርድበት በር ተከፍቶ፣ ወደ ላይ የሚወጣበት ግን ተዘግቷል ማለት ነው።

በስፔን የነበረው ልማድ ከዚህም የባሰ ነበር። በዚያ አገር ሠዓሊው በጥቂት ቀብድ ሥራውን ይጀምርና ዋጋው የሚቈረጠው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ በገማቾች ነው። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ገማቾች ይመርጣሉ፤ ካልተስማሙም ሦስተኛ ዳኛ ይሰየማል። ከቀርጤስ ደሴት ተነሥቶ በኢጣሊያ በኩል ወደ ቶሌዶ የመጣው ኤል ግሬኮ፣ በ1577 ዓ.ም. ለከተማይቱ ካቴድራል የካህናት መልበሻ ክፍል የክርስቶስን ልብስ መገፈፍ የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ለመሥራት የተቀበለው በዚህ ሥርዐት ነበር። በ1579 ዓ.ም. ሥዕሉ ተጠናቆ ሲቀርብ የእርሱ ገማቾች 900 ዱካት፣ የካቴድራሉ ገማቾች ግን ወደ 228 ዱካት አሉት። ከዚህም በላይ የአንዳንዶቹ ሰዎች ራስ ከክርስቶስ ራስ ከፍ ብሎ መታየቱና ሦስቱ ማርያሞች በቦታው መሣላቸው እንደ ስሕተት ተቈጠረበት። በግምት ሥርዐት ውስጥ እንዲህ ያለው ነቀፋ ሁልጊዜ ዋጋ ማውረጃ ሆኖ የሚያገለግል ነው።

ሦስተኛው ዳኛ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። ይህ ሰው ሥዕሉ ካያቸው ሁሉ እጅግ ከተሻሉት አንዱ መሆኑንና እንደ ጥበቡ ቢገመት ሊከፍል የሚወድ ሰው እንደማይገኝ ከመሰከረ በኋላ፣ የዘመኑን ሁኔታና በአገሩ የተለመደውን ክፍያ አይቶ 3,500 ሪያል፣ ማለትም ወደ 318 ዱካት ብቻ ፈረደ። ሒሳቡ እስኪዘጋም 1581 ዓ.ም. ደረሰ። ስሕተት የተባለው ሳይታረም ቀርቶ፣ ሥዕሉ እስከ ዛሬ በዚያው ክፍል ይታያል።

ወደ ኢጣሊያ ስንመለስ፣ በ17ኛው ምእት ዓመት ሁለት ተቃራኒ መንገዶች እናገኛለን። የቦሎኛው ጉይዶ ሬኒ በዝናው ዘመን ዋጋ መጥራትን እንደ ነውር ይቈጥር፣ ክፍያውንም እንደ ስጦታ መቀበልን ይመርጥ ነበር። ብዙ ገንዘብም አግኝቶበታል፤ በቁማር አጠፋው እንጂ። ይህ መንገድ ግን ስሙ ለተጠራ ሰው ካልሆነ አይመከርም።

ሬኒ በ1642 ዓ.ም. ሲሞት ከቸንቶ ወደ ቦሎኛ የተዛወረው ጓርቺኖ ሌላ ዐይነት ሰው ነው። ከ1629 ዓ.ም. ጀምሮ ገቢው በመዝገብ ይያዝ ነበር፤ መዝገቡንም የሚጽፍለት፣ እርሱም ሠዓሊ የነበረው ወንድሙ ፓኦሎ አንቶኒዮ ነው። ከዚህ መዝገብ እንደምንረዳው የጓርቺኖ መለኪያ ቀላል ነበር፤ ለአንድ ሙሉ ሰው 100 ዱካቶኒ፣ ለግማሽ አካል 50፣ ለራስ ብቻ 25። ደንበኛው ሩቅ አገር ቢሆንም የሚፈልጋቸውን ሰዎች ቈጥሮ ዋጋውን በቤቱ ማስላት ይችላል።

እርግጥ ነው፣ መለኪያው ለጥበብ ፍትሐዊ አይደለም። የሰማዩ ብርሃን፣ የልብሱ እጥፋት፣ አንድን ፊት ሕያው የሚያደርገው እጅ በዚህ ቈጠራ ውስጥ አይታዩም። በአገራችን የማስታወቂያ ሥዕል በካሬ ሜትር ሲዋዋሉ የኖሩ የሙያ ጓደኞቻችንም ይህን ጕድለት አሳምረው ያውቁታል። ሆኖም እንደ እኔ አስተያየት የመለኪያው ጥቅም በትክክለኛነቱ ሳይሆን አስቀድሞ በመታወቁ ላይ ነው። በ1649 ዓ.ም. የመሲናው መኰንን አንቶኒዮ ሩፎ ለአንድ ሥዕል 80 ዱካት ብቻ መድቦ በጠየቀው ጊዜ፣ ጓርቺኖ የአንድ ሙሉ ሰው የተለመደ ዋጋው 125 ዱካት መሆኑን ገልጾ፣ በዚህ ገንዘብ የሚደርሳቸው ከአንድ ሰው ግማሽ ጥቂት የሚበልጥ እንደሆነ በጨዋ ቃል መለሰላቸው። አልተቈጣም፤ አልተለማመጠምም። ገንዘብ ያነሰው ደንበኛ ሥዕሉን ያሳንሳል እንጂ የሠዓሊውን ዋጋ አያወርድም። ጓርቺኖ ከሠራቸው ሥዕሎች ብዙዎቹ ከወገብ በላይ ብቻ የሚታዩ ሰዎች መሆናቸው ከዚሁ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ፓኦሎ አንቶኒዮ በዚያው በ1649 ዓ.ም. ሞተ። መዝገቡ ግን አልተቋረጠም፤ ጓርቺኖ እስካረፈበት እስከ 1666 ዓ.ም. ድረስ የየሥዕሉ ክፍያ እየተጻፈበት ቀጠለ።