የሕፃን እግር አያያዝና የጭን ደም መልስ፤ ከጎንደር የጤና ትምህርት ታሪክ ጋር

የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ በቅድሚያ የሚቈጠሩት ሕንፃዎች፣ መሣሪያዎችና መድኃኒቶች ናቸው። በሽተኛው እንዴት እንደ ተኛና እግሩን ማን እንደ ያዘለት የሚመዘግብ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ አንድን ሕፃን ለማዳን መርፌው በብሽሽቱ በኩል ወደ ትልቁ የጭን ደም መልስ መግባት ሲኖርበት፣ ውጤቱን የሚወስነው የወጊው እጅ ብቻ ሳይሆን የእግሩም አቀማመጥ ነው። የጎንደር የጤና ትምህርት ታሪክ ይህን ለማስተዋል ይረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በግምት 7000 ያህል ሰዎችን ፈጀ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ወረርሽኙ በአገሪቱ ደጋማ ክፍሎች በስፋት ሲዛመት 3 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ታመሙና 150000 ያህል እንደ ሞቱ ተገምቷል። የደጋው ሰው ከወባ ጋር ዘወትር ስለማይኖር በሽታውን የሚቋቋምበት ኃይል አላዳበረም ነበር። ጽኑ ወባ ያደረበት ሕፃን ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን ይስታል፤ ደሙ ያንሳል፤ የዋጠውንም መድኃኒት ያስመልሳል። ተቅማጥ ሲጨመርበት ደግሞ የእጁና የእግሩ ደም ሥሮች ተሟጠው ከዓይን ይሰወራሉ። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ተራሮች በሰው ጀርባ ታዝሎ ወይም በቃሬዛ ተይዞ ለሚመጣ ሕፃን መንገዱ ራሱ ሌላ ድርቀት ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ባለሙያው የሚፈልገው በጥልቀት ያለውን፣ ሰውነት ሲደርቅ እንኳ ፈጽሞ የማይጠፋውን ደም ሥር ነው።

ከደምቢያው ወረርሽኝ ማግሥት፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካው የፖይንት ፎር እርዳታ ጋር በመተባበር የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ አቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ጐን ለጐን ያሠለጥን ነበር። የደምቢያዋ ቆላ ድባም ሠልጣኞች በገጠሩ ሕዝብ መካከል ሙያቸውን ከሚለማመዱባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱ የሚገኝባት ከተማ ሆነች። የዚህ አሠራር መሠረተ ሐሳብ፣ ጤና በአንድ ሰው ሙያ ብቻ አይጠበቅም፤ ባለሙያዎች እንደ ጓድ ተባብረው መሥራት አለባቸው የሚል ነው። በብሽሽት በኩል ደም ሥር የመፈለግ ሥራም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ ያለ ሁለተኛ ሰው እጅ በደኅና የሚፈጸም አይደለምና።

በደም ሥር ፈሳሽ የመስጠት ጥበብ በሌላው ዓለም ረጅም ታሪክ አለው። በ1832 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ ኮሌራ ላደረቃቸው በሽተኞች ጨው ያለበትን ውሃ በደም ሥራቸው ሰጠ። በ1929 ጀርመናዊው ቬርነር ፎርስማን ቀጭን ቱቦ ከክንዱ ደም መልስ እስከ ልቡ ድረስ በገዛ ሰውነቱ ላይ አሳለፈ። ደምቢያ በወባ በተመታችበት በ1953 ደግሞ ስዊድናዊው የራጅ ሐኪም ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር አንድ ቀላል ዘዴ አሳተመ። በመጀመሪያ መርፌው ይገባል፤ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይሰደዳል፤ መርፌው ወጥቶ ቱቦው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ይገባል፤ በመጨረሻም ሽቦው ይወጣል። ሴልዲንገር ዘዴውን ያሰበው ለደም ቅዳ ምርመራ ቢሆንም፣ ውሎ አድሮ ለደም መልስም ዋና መንገድ ሆነ።

ዘዴው ሲሻሻል የሕፃኑ ገላ ግን እንደ ጥንቱ ነው። በብሽሽት ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ ነርቩ፣ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በተርታ ይገኛሉ። ባለሙያው የደም ቅዳውን ትርታ በጣቱ ካገኘ በኋላ ከእርሱ ወደ ውስጥ ጥቂት ዘልቆ ይወጋል። ይህ ርቀት በሕፃን ላይ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። ሕፃኑ እጅግ ሲደክም ትርታውም ይደበዝዛል። መርፌው ወደ ውጭ ቢያደላ ደም ቅዳውን ይወጋል፤ በጣም ከጠለቀ የዳሌውን መገጣጠሚያ ሊነካና መግል ሊያስይዝ ይችላል፤ ከብሽሽቱ ጅማት በላይ ቢገባ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

አቀማመጡ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛል፤ የብሽሽቱ እጥፋት እንዲዘረጋ ከመቀመጫው ሥር የታጠፈ ጨርቅ ይደረግለታል። ጭኑ ወደ ጐን ተከፍቶ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ጉልበቱም በመጠኑ ይታጠፋል፤ መልኩ የእንቍራሪት እግር ይመስላል። ያዡ ጉልበቶቹን በሁለት እጁ ያጸናል እንጂ ጭኑን አይጨፈልቅም፤ እግሩንም በግድ አይለጥጥም። ይህን አያያዝ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ያስተማሩት በእጅ ልምድ ነበር። ከ2000 ወዲህ በአልትራሳውንድ የተደረጉ ጥናቶች ምክንያቱን በዓይን አሳዩ። በአያሌ ሕፃናት ደም ቅዳው ደም መልሱን በከፊል ይሸፍነዋል፤ መሸፈኑም ከብሽሽቱ ጅማት ወደ ታች በተራቀ ቍጥር ይብሳል። እግሩ ተከፍቶ ወደ ውጭ ሲዞር ግን ሁለቱ ይለያያሉ፤ ደም መልሱም ሰፋ ብሎ ይታያል።

በ1978 የጎንደሩ ተቋም በላይፕሲግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ሆነ። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት የተቅማጥ በሽታዎች መቈጣጠሪያ ፕሮግራሙን ጀመረ፤ በአፍ የሚሰጠው ጨውና ስኳር ያለበት ውሃም በዓለም ተስፋፋ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሕፃናት ከመርፌ ድነዋል። ዛሬ ደግሞ ለአጣዳፊ ጊዜ በአጥንት ውስጥ ፈሳሽ የመስጠት ዘዴ አለ። ሆኖም ሌላ ደም ሥር ለታጣለት፣ ኵላሊቱ ለደከመ ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚታከም ሕፃን የጭን ደም መልስ አሁንም አገልግሎት ይሰጣል። ቱቦው ለመግልና ለደም መርጋት በር ስለሚከፍት ግን ሥራው ሲያበቃ ወዲያው መውጣት ይገባዋል።

የአገራችን ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ከመግጠሙ በፊት አካሉን አስተካክሎ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ዘመናዊው ሐኪምም ይህን ልማድ የሚንቅበት ምክንያት የለውም። አልትራሳውንድ ባለበት ክፍል እንኳ መሣሪያው የሚያሳየው እግሩ በተያዘበት ሁኔታ ያለውን ነው፤ መሣሪያው በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ደግሞ የሚቀረው የጣት ትርታና የያዡ እጅ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ መርፌ ከመጨበጡ በፊት የሕፃን እግር መያዝን እንዲማር፣ ያዡም ነርስ ይሁን ተማሪ የሥራው ሙሉ ተካፋይ ሆኖ እንዲቈጠር ማድረግ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሆኖ ሕፃኑን ከሁለተኛና ከሦስተኛ መወጋት የሚያድን ነው።