ከሩቅ የታየች እሳት

አንድ ባለጸጋ ሎሌውን፣ «በሱሉልታ ተራራ ላይ ራቁትህን ካደርክ መሬትና ከብት እሰጥሃለሁ» አለው። ሎሌው ከሸለቆው ማዶ አንድ ሽማግሌ ያነደደለትን እሳት እያየ ብርዱን ችሎ አደረ። ጌታው ግን «እሳት ሞቀሃል» ብሎ ከለከለው፤ ዳኛውም ለጌታው ፈረደ። ኋላ ኃይሉ የተባለ ሰው ሁለቱንም ግብዣ ጠርቶ የወጡን ሽታ ብቻ አቀረበላቸው።

ይህን ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ አሳትመውታል። የኢትዮጵያ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ግን ጥቂት ይታገሥ።

ሕንዶች ታሪኩን በንጉሠ ነገሥት አክባር ዘመን (1556-1605) አድርገው ይተርኩታል። አንድ ድኻ በቀዝቃዛ ኩሬ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ከቤተ መንግሥቱ የሚታየው መብራት አሙቆሃል ተብሎ ሽልማቱን ይነፈጋል። ብልኁ ቢርባልም ድስቱን ከእሳቱ እጅግ አርቆ ይሰቅልና «ምግቤ እስኪበስል ነው» እያለ ንጉሡን ያስጠብቃል። ቱርኮችም ዘንድ ነስረዲን ሆጃ፣ ከሩቅ በታየች ሻማ ምክንያት ውርርዱን ሲያስበሉት፣ ለወዳጆቹ በአንዲት ሻማ ምሳ ይጥዳል።

የሕንድ ነጋዴዎች ለብዙ ዘመናት ወደ ምጽዋ ይመላለሱ ነበር፤ ተረት ደግሞ ቀረጥ የማይከፈልበት ዕቃ ነው። ሆኖም ተረቱ በሄደበት ሁሉ አገሬውን ይመስላል። በሕንድ የሚታረመው ንጉሡ ነው፤ በቱርክ ነገሩ በወዳጆች ቀልድ ያልቃል። ጉዳዩን ችሎት ያቆመው የኢትዮጵያው ነው፤ ሽታውንም ከባለጸጋው ጋር ዳኛው አብሮ እንዲያሸት አድርጓል።