አንዲት የኩባ ቅጠል የገባችበት ሁሉ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1962 መጀመሪያ ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ አንድ ምሽት የፕሬስ ጸሐፊያቸውን ፒየር ሳሊንጀርን አስጠርተው እስከ ነገ ጠዋት አንድ ሺህ ያህል የኩባ ሲጋር እንዲፈልጉላቸው ነገሯቸው። ሳሊንጀር በዋሽንግተን ሱቆች ዞረው በማግስቱ 1,200 አግኝተው ቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ ይህን እንደሰሙ መሳቢያቸውን ከፍተው ሰነድ አወጡና ፈረሙበት። በኩባ ላይ የተጣለው የንግድ ማዕቀብ ነበር። ታሪኩን ከዓመታት በኋላ ለሕዝብ ያወሩት ሳሊንጀር ራሳቸው ናቸው።

ሰው እዚህ ላይ ስቆ ያልፋል። ትልቁ ነገር ግን የመጣው ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ በማርች ነው። ክልከላው ሰፋና በሦስተኛ አገር የተሠራ ዕቃም ቢሆን የኩባ ነገር ካለበት አሜሪካ እንዳይገባ ተባለ። ደንቡ «በሙሉም ሆነ በከፊል» ይላል። ሆላንድ ውስጥ ከብራዚልና ከኢንዶኔዥያ ቅጠል የተጠቀለለ ሲጋር መሐሉ ላይ አንዲት የኩባ ቅጠል ከገባች ሙሉው ዕቃ እንደ ኩባ ዕቃ ይቆጠራል ማለት ነው። ይህ ደንብ ዛሬም አልተሻረም።

ነገሩ ለምን እንደሚከብድ ለማየት የሲጋርን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሲጋር እንደ ሲጋራ በወረቀት አይጠቀለልም፤ ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ነው። መሐሉን የሚሞሉ ቅጠሎች አሉ፣ እነሱን የሚያስር ሌላ ቅጠል አለ፣ ከሁሉም በላይ መልከ መልካሙ መጠቅለያ ይለብሳል። ከአንድ ግንድ የተለቀመው ቅጠል እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። ፀሐይ የሚያገኘው የላይኛው ኃይለኛ ነው፣ ቶሎም አይነድም። የመካከለኛው መዓዛ ይሰጣል። የታችኛው ደግሞ እሳቱ እንዳይጠፋ ያግዛል። ስለዚህ ሙያው ራሱ መቀየጥ ነው። በፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ፣ ቩኤልታ አባሆ በሚባለው አካባቢ በበቀለ ትምባሆ ብቻ የሚሠራው ሲጋር እንኳ የተለያዩ እርሻዎች ቅይጥ ነው። ክርክሩ ቅይጡ ድንበር ይሻገር አይሻገር የሚለው ነው። ይህንንም ከአጫሹ ምላስ ይልቅ ጉምሩክ ሲወስነው ኖሯል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ተሠርቶ በሚገባ ሲጋር ላይ የምትጥለው ቀረጥ በጥሬ ቅጠል ላይ ከምትጥለው ይከብድ ነበር። በዚያ ላይ በ1868 ኩባ ውስጥ በስፔን ላይ ጦርነት ተነሣ። ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የሚባሉት የፋብሪካ ባለቤት በ1869 ወደ ኪ ዌስት ሸሹ፤ በ1880ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ታምፓ አጠገብ በስማቸው የሚጠራውን ኢቦር ሲቲን ቆረቆሩ። ቅጠሉ ከሃቫና በመርከብ ይመጣል፣ በስደተኛ ኩባውያን እጅ አሜሪካ መሬት ላይ ይጠቀለላል።

የዚያ ዘመን ነጋዴ ቃል ነበረው። ሙሉ በሙሉ በኩባ ቅጠል የተሠራው «ጥሩ ሃቫና» ይባላል። የሃቫና ቅጠል በኮኔቲከት ወይም በፔንሲልቫኒያ ከበቀለ ቅጠል ጋር የተቀየጠበት «ዘርና ሃቫና» ይባላል፤ «ዘር» የሚሉት የአገር ውስጡን ቅጠል ነው። ገዢው ቅይጥ መሆኑን አውቆ፣ በቅይጥ ዋጋ ይገዛል። ማንም አላፈረበትም። ንጽሕናን እንደ እምነት ከሚሰብከው ከዛሬው ገበያ ይልቅ ያኛው ሐቀኛ ነበር ማለት ይቻላል። ሆላንዶች በሱማትራ ያበቀሉት ስስ መጠቅለያ ገበያውን ሲያጥለቀልቅም አሜሪካ በ1890 በፓውንድ 2 ዶላር ቀረጥ ጣለችበት፤ የኮኔቲከት ገበሬም ከ1900 ጀምሮ በጨርቅ ጥላ ሥር የራሱን ስስ ቅጠል ወደ ማብቀል ገባ። ውስጡ ሃቫና፣ ልብሱ ኮኔቲከት የሆነ ሲጋር ተራ ነገር ሆነ።

በሴፕቴምበር 1960 የካስትሮ መንግሥት የሲጋር ፋብሪካዎችን ወረሰ። ማዕቀቡ ሲከተል ታምፓ በመጋዘን በቀረው ቅጠል ጥቂት ተንገዳገደች፤ ከዚያ ሠራተኛው ተበተነ። ባለሙያዎቹ የኩባን ዘር ይዘው ኒካራጓ፣ ሆንዱራስና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገቡ። መጠቅለያውን ከካሜሩን፣ በኋላም ከኢኳዶር አመጡ።

ከእነዚህ ስደተኞች የሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን ዕጣ ብዙ ይናገራል። የፒናር ዴል ሪዮ የትምባሆ ገበሬ ልጅ ናቸው። ማያሚ ውስጥ በአናጢነት ባጠራቀሙት ገንዘብ በ1964 ትንሽ ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ1970 ኤስቴሊ፣ ኒካራጓ ገቡ። በ1978 በአመፁ ፋብሪካቸው ተቃጠለ። በዚያው ዓመት የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱ ለመነጋገር ወደ ሃቫና ከሄዱት ስደተኞች ጋር ነበሩ። እዚያ ለፊደል ካስትሮ ሲጋር ሲሰጡ ፎቶ ተነሡ። ሺዎች እስረኞች ተፈቱ። የፓድሮን ዋጋ ግን ማያሚ ውስጥ ተደጋጋሚ ቦምብ ሆነ፤ ያጠመዱባቸውም የካስትሮ ጠላቶች እንጂ የካስትሮ ሰዎች አልነበሩም። በ1985 ደግሞ ሬገን በኒካራጓ ላይ ማዕቀብ ጣሉ፤ እስከ 1990 ቆየ። አንድ ሰው ከኩባ ማዕቀብ ሸሽቶ በሄደበት ሌላ ማዕቀብ ደረሰበት።

ሃቫናም በበኩሏ ንጽሕናን የንግድ ምልክት አደረገችው። ስሟን የሚሸከም ሲጋር ሙሉ በሙሉ የኩባ ቅጠል መሆን አለበት። ስሙ በዓለም ገበያ ውድ ስለሆነ ውሳኔው ሞኝነት አይደለም። ግን ዕዳ አለው። በ1979 እና 1980 ሰማያዊ ሻጋታ የተባለው በሽታ የኩባን ምርት ሲያወድም የሚተካ ቅጠል አልነበረም። በሴፕቴምበር 2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ በፒናር ዴል ሪዮ ሺዎች የቅጠል ማድረቂያ ቤቶችን አፈረሰ። ኤስቴሊ ያለ ቀያጭ አንዱ ሸለቆ ሲጎዳበት ከኢኳዶር ያስመጣል፤ ሃቫና ያለው የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል።

የሚገርመው ዘሩ ነው። ኮሮሆ የሚባለውን ዝነኛ የመጠቅለያ ዘር ኩባ በ1990ዎቹ በሽታ በሚቋቋሙ ድቅል ዘሮች ተካችው። ሆንዱራስ ውስጥ ግን «እውነተኛው ኮሮሆ» እየተባለ ይበቅላል፣ ይሸጣልም።

በ2015 ኦባማ መንገደኞች ለራሳቸው የሚያጨሱትን የኩባ ሲጋር ይዘው እንዲገቡ ፈቀዱ፤ በሴፕቴምበር 2020 ትራምፕ ዘጉት። ለፋብሪካ የሚሆን ቅጠል ግን በሁለቱም ዘመን አልተፈቀደም። አሜሪካ ውስጥ በሕግ የሚሸጥ የኩባ ቅጠል ከማዕቀቡ በፊት የገባው ብቻ ነው። ጥቂት ኩባንያዎች ለአሥርተ ዓመታት መጋዘን የተቀመጠውን ይህን ቅጠል በትንሽ በትንሹ ከመካከለኛው አሜሪካ ቅጠል ጋር እየቀየጡ በውድ ዋጋ ሸጠውታል።