የብዙኃን መዋጮ፦ ክራውድፈንዲንግ ከነደንቡ

ክራውድፈንዲንግ አንድ ሰው ወይም ቡድን፣ ዓላማው በግልጽ ለተነገረ ጉዳይ፣ ከማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ በኢንተርኔት የሚያሰባስብበት መንገድ ነው። በአማርኛ «የብዙኃን መዋጮ» ብንለው ይስማማኛል። «ዕርዳታ ማሰባሰብ» የሚለው የተለመደ አጠራር ሰጪውን ቸር፣ ተቀባዩን አመስጋኝ አድርጎ ነገሩን እዚያ ላይ ይዘጋዋል። ያዋጣ ሰው ግን ባለመብት ነው። የዕድር አባል ገንዘብ ያዡን «ሒሳቡን አሳየን» እንደሚለው ሁሉ፣ በብዙኃን መዋጮ ሃምሳ ብር የላከም ብሩ የት እንደደረሰ መጠየቅ ይችላል። «የሕዝብ መዋጮ» ያላልኩት ደግሞ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰበስበውን፣ እምቢ ለማለት የሚከብደውን ክፍያ ስለሚያስታውስ ነው። እዚህ ያለፈቃድ የሚወጣ ሳንቲም የለም።

አሠራሩ ከኢንተርኔት በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1885 ኒው ዮርክ ውስጥ የነጻነት ሐውልት የሚያርፍበትን መሠረት ለመጨረስ ገንዘብ ሲጠፋ፣ የ«ወርልድ» ጋዜጣ ባለቤት ጆሴፍ ፑሊትዘር ለአንባቢዎቹ ጥሪ አቀረበ። በጥቂት ወራት ከ120,000 በላይ ሰዎች ከ100,000 ዶላር በላይ አዋጡ፤ አብዛኞቹ የሰጡት ከአንድ ዶላር በታች ነበር። ፑሊትዘር የሰጠውን ሰው ሁሉ ስም፣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በጋዜጣው ላይ አተመ። በዚያ ዘመቻ ትልቁ ነገር ለእኔ ይኼ ነው፦ ሳንቲም የላከ ሰው ጋዜጣውን ገልጦ ገንዘቡ መድረሱን ያረጋግጥ ነበር። እኛም ለሕዳሴ ግድብ በ8100 አጭር መልእክት ስናዋጣ የሠራነው ከዚሁ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ዛሬ በስፋት የሚታወቁት ድረ ገጾች በተከታታይ ዓመታት የመጡ ናቸው፤ ኢንዲጎጎ በ2008፣ ኪክስታርተር በ2009፣ ጎፈንድሚ በ2010 እ.ኤ.አ.። ኪክስታርተር ለፈጠራ ሥራ ብቻ ነው፤ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ መሰብሰብ አይፈቅድም፣ የታሰበው መጠን ካልሞላ ደግሞ ከማንም አንዲት ሳንቲም አይቆረጥም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮም ዕቃ ለመሥራት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ያለቀ ዕቃ የሚመስል የኮምፒውተር ሥዕል እንዳያሳይ ተከልክሏል፤ እስካሁን የሠራውን ናሙና እንዳለ ማቅረብ አለበት። ጥሩ ደንብ ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በተስፋው ላይ ሳይሆን በታየው ሥራ ላይ እንዲሆን ያደርጋል።

ደንብ ያልያዘውን ሕግ የያዘበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ አሜሪካዊ የገበታ ጨዋታ ላሳትም ብሎ ከ1,246 ሰዎች ከ122,000 ዶላር በላይ ሰበሰበ። ጨዋታው አልታተመም፤ ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለሌላ የግል ጉዳይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰሰው፤ ኮሚሽኑ በብዙኃን መዋጮ ላይ የመሠረተው የመጀመሪያው ክስ ይኸው ነበር። ሰውየው የተከሰሰው ሥራው ስላልተሳካ አይደለም፤ ሥራ ሊከሽፍ ይችላል፣ አዋጪውም ይህን ያውቃል። ያስከሰሰው ለአንድ ነገር የተሰጠን ገንዘብ ለሌላ ማዋሉ ነው።

ታሪኩ ራሱ ውሸት ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2017 በፊላዴልፊያ አካባቢ ጥንዶች አንድ ልብ የሚነካ ታሪክ ጻፉ፦ ሴትዮዋ መንገድ ላይ ቤንዚን አልቆባት፣ ቤት የሌለው የቀድሞ ወታደር የመጨረሻዋን 20 ዶላሩን ሰጣት። ወደ 14,000 ሰዎች ከ400,000 ዶላር በላይ አዋጡ። በኋላ ታሪኩ ፈጠራ እንደሆነ፣ ወታደሩም የሤራው ተካፋይ እንደነበረ ተረጋገጠ። ጎፈንድሚ ገንዘቡን ለአዋጪዎቹ መለሰ፤ ጥንዶቹም ታሰሩ። ከዚህ የሚከፋው ጉዳት በመዝገብ የማይገባው ነው፤ በማግስቱ እውነተኛ ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

ወደ እኛ ልምጣ። የብዙኃን መዋጮ እኛ ዘንድ በብዛት የሚዞረው በሕክምና ላይ ነው፤ ኩላሊት፣ ልብ፣ ካንሰር። «እህታችን በጠና ታማለች፣ ወገን ድረስላት» የሚል ጽሑፍ፣ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቴሌግራም ይለቀቃል። ስሜቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መረጃው ግን ባዶ ነው። ሐቀኛ ገጽ የሚከተለውን ይመስላል፦ «ታካሚዋ የ34 ዓመት የሁለት ልጆች እናት ናት። የሐኪሞች ቦርድ ውጭ አገር እንድትታከም ወስኗል፤ ማስረጃው ከሥር ተያይዟል። ሆስፒታሉ የላከው የዋጋ ግምትም አለ። ቤተሰቡ ይህን ያህል አሟልቷል፣ የጎደለው ይህን ያህል ነው። እኔ የአክስቷ ልጅ ነኝ፤ ሒሳቡን ከወንድሟ ጋር በጣምራ ፊርማ እናንቀሳቅሳለን።» ይህን ያነበበ ሰው ከማዘን አልፎ ማጣራት ይችላል። ጎፈንድሚም ቢሆን አስተባባሪው ማን እንደሆነ፣ ከተረጂው ጋር ምን እንደሚያገናኘውና ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል እንዲጻፍ ይጠይቃል።

አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው ገንዘቡ መሃል ላይ ባለ እጅ ሲያልፍ ነው። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ የባንክ ሒሳብ ስለማይልክ፣ ታካሚዋ አዲስ አበባ ብትሆንም ገጹን የሚከፍተውና ገንዘቡን የሚያወጣው ቨርጂኒያ ወይም ለንደን ያለ ሰው ይሆናል። ያ ሰው ቅን ቢሆንም ብቻውን መሆኑ ለእሱም አደጋ ነው፤ ሐሜት ሲነሣ የሚመሰክርለት አይኖርም። ስለዚህ ገንዘቡ በምን መንገድ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ለማን እንደሚላክ መጀመሪያውኑ ይጻፍ። ከተቻለ ክፍያው በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይሂድ፣ ደረሰኙም ገጹ ላይ ይለጠፍ። የሚቆረጠውም አይደበቅ፤ ጎፈንድሚ አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ መዋጮ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይወስዳል። 100 ዶላር በአንድ ሰው ከተሰጠ 96.80 ይደርሳል፤ ያው 100 ዶላር ከአሥር ሰዎች አሥር አሥር ሆኖ ከመጣ ግን 94.10። ይህን ያልነገሩት አዋጪ በኋላ ሒሳቡ ሲጎድልበት አስተባባሪውን ይጠረጥራል።

ለመጻፍ የሚከብደው፣ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ዘመድ ከዘመድ የሚያጣላው አንድ ደንብ አለ፦ ገንዘቡ ቢጎድል፣ ቢተርፍ፣ ታካሚዋም ብታርፍስ? ሰዉ ይህን ማንሣት እንደ ሟርት ይቆጥረዋል። እኔ ግን ታካሚዋን ማክበር ነው እላለሁ። «ካልሞላ አገር ውስጥ ለዲያሊሲስ ይውላል፤ ከተረፈ እዚያው ሆስፒታል ላለ ሌላ ታካሚ ይተላለፋል፤ የከፋው ከመጣ ለልጆቹ ትምህርት ይቀመጣል» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ከጅምሩ ካለ፣ በኀዘን መካከል ስለ ብር የሚጨቃጨቅ አይኖርም።

ፈቃድም ከታካሚዋ ነው የሚጀምረው። አልጋ ላይ የተነሣ ፎቶ፣ የሕመሙ ዝርዝር፣ የልጆች ፊት የሚወጣው እሷ እሺ ካለች ብቻ ነው፤ «አንሱልኝ» ካለችም ወዲያው ይነሣል። ዘመቻው ሲያበቃ የመጨረሻው ሒሳብ ይለጠፍና ገጹ ይዘጋ። ክፍት ከተተወ ገጽ አጭበርባሪዎች ፎቶውን ወስደው የራሳቸውን ሒሳብ ቁጥር ይጽፉበታል። አዋጪው በበኩሉ በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ሲልክ፣ ከማረጋገጡ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያየው፤ ካልገጠመ አይላክ፣ አስተባባሪውንም ደውሎ ይጠይቀው።